ስለ ቆቃ ግድብ ደኅንነት፦ ከአዳማ እድሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የቆቃን ግድብ ለምታስተዳድሩ፣ የአዋሽን ውኃ ለምትመድቡና ለከተማችን የመጠጥ ውኃ ለምታቀርቡ የሥራ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስለ ግድቡ ደኅንነትና ጥገና መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው በመደበኛው መንገድ ያቀረብነው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሳያልፍ ስለተመለሰ ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ የማይሞላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ከከረመች በኋላ የቆቃ ግድብ ተፈትሾ እንደሆነ፣ ተፈትሾ ከሆነም ምን እንደተገኘ ይጠይቃል፤ ሌላ ነገር የለበትም። አንድ ኃላፊ ቆመው አነበቡትና "ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?" ብለው መልሰው ሰጡን። የመሥሪያ ቤቱንም የኃላፊውንም ስም አንጠራም፤ ሰው ማሳጣት ፍላጎታችን አይደለም። ምን እንዳገባን ግን በዝርዝር እንነግራችኋለን።

ቆቃ የተሠራው ለመብራት ነው። ጣሊያን በጦርነት ካሳነት በከፈለችው ገንዘብ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የማመንጨት አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የቆቃ ተርባይኖች ነገ ቢቆሙ አገር አይጨልምም። ግድቡ ራሱ ቢጎዳ ግን የአዳማ ቧንቧ ይደርቃል፤ ከተማችን የምትጠጣው ከቆቃ በታች የሚወርደውን የአዋሽ ውኃ አጣርታ ነውና። በወረቀት ላይ የኃይል ማመንጫ የተባለው ግድብ ለእኛ እንስራችን ሆኗል። ስለ ግድቡ በሚመከርበት ስብሰባ ግን ጠጪው ሕዝብ ሲጠራ አላየንም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማናቸውም ሌላ አጠቃቀም በፊት ለቤት ውስጥ አገልግሎት ለሚውል ውኃ ቅድሚያ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቶታል። ደግሞም ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ስንገዛና ከደመወዛችን ስናዋጣ "ምን አገባችሁ" ያለን አልነበረም። ገንዘባችን በግድብ ጉዳይ ካገባው፣ ጥያቄያችን የማያገባው በምን ምክንያት ነው?

ወደ ጉድጓድ ውኃ ተመለሱ የሚለን እንዳይኖር ደግሞ አስቀድመን እንናገር። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከመሬት ሥር የሚወጣ ውኃ ምን እንደሚያስከትል በወንጂ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ይመሰክራል። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የልጅን ጥርስ ያበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት ከተጠጣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብና ጉልበት አላጥፍ ያሰኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በአካባቢያችን ከዚህ ብዙ እጥፍ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ስለዚህ አዋሽን ትተን የምንሄድበት የለንም፤ አዋሽ ማለት ደግሞ ለእኛ ቆቃ የሚለቅልን ውኃ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

አንደኛው ዝምታችሁ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ተደጋገመ። ታኅሣሥ 26 መጠኑ 5.8፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ንዝረቱ አዳማም ደርሶ አልጋ ወዘወዘ፣ የቁም ሳጥን በር ከፈተ። ከንዝረቱ በላይ የጎዳን ግን ወሬው ነው። "ቆቃ ተሰንጥቋል" የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በሰፈራችን አንዲት እናት ልጆቿንና አንድ ፍራሽ በባጃጅ ጭና እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ዘመድ ቤት ሸሸች። ባለ ባጃጁ ያስከፈላትን ሒሳብ እዚህ አንጽፈውም፤ እሱም የሰፈራችን ልጅ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በውኃ ፓምፕ ሠራተኛነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያን ሰሞን ለጎረቤቶቼ ስደጋግመው የነበረው ቀላል ነገር ነው። አዳማ ከቆቃ ሐይቅ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ውኃው ወደ እኛ የሚመጣው ሽቅብ በፓምፕ ተገፍቶ ነው፤ ገፊ ከሌለው አይወጣም። አያድርገውና ግድቡ ቢደረመስ መጀመሪያ የሚያጥለቀልቀው በአዋሽ ዳር የተንጣለለውን የወንጂን ሜዳ ነው፦ የሸንኮራ አገዳውን፣ የሠራተኛ መንደሮቹን፣ ከጎርፍ መከላከያው ካብ ሥር ያሉትን ማሳዎች። አዳማን የሚያገኛት ጥማት ነው። ይሁን እንጂ በስልክ ከሚዞር ወሬ ፊት የአንድ ጡረተኛ ቃል ምን አቅም አለው? እናንተ ይህንኑ ማኅተም ባለበት ወረቀት በጥቂት መስመር ጽፋችሁ በየቀበሌው ብትለጥፉልን ኖሮ ከተማው ተኝቶ ያድር ነበር፤ የወንጂ ሜዳ ነዋሪም ክፉ ቀን ቢመጣ በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጣ ያውቅ ነበር። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። መተኛት የሚችለው ነቅቶ አደረ፤ መንቃት የሚገባውን የቀሰቀሰው የለም።

ግድቡ ተሰንጥቋል አላልንም። ምንም ላይሆን ይችላል፤ እንዲያ እንዲሆንም እንጸልያለን። ነገር ግን ቆቃ የቆመው የጂኦሎጂ ሊቃውንት በወንጂ ስም በሚጠሩት የስብራት ቀበቶ አካባቢ፣ ምድር ቀስ እያለች በምትለያይበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ሶደሬን ፍል ውኃ ያደረገው ምድር ነው ቆቃንም የተሸከመው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የቆመ አሮጌ ግድብ ከብርቱ መንቀጥቀጥ በኋላ መመርመር አለበት። በግንቡ ውስጥና በመሠረቱ ሥር የሚሰርገው ውኃ ጨምሯል? ደፍርሷል? የግንቡ መጋጠሚያዎች እንደነበሩ ናቸው? ከመሠረቱ ሥር የሚመጣውን ግፊት የሚያስተነፍሱት የፍሳሽ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው? በሮቹ ሳይነክሱ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ? መብራት በጠፋበት ሌሊት በሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ይነሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይኖራችሁ ይሆናል። ካላችሁ ከእኛ የምትደብቁበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው የበሮቹ አከፋፈት ነው። ክረምት ሲገባደድ ሐይቁ ይሞላል፤ በር መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ ግድቡ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን የሚቃወም የለም። በአዋሽ ዳር በሞተር ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አባሎቻችን የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ማታ ወንዙን በቦታው ትተው ይገባሉ፣ ጠዋት ሲመለሱ ማሳቸው የለም። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንድ አባላችን በብድር የገዛውን የውኃ መሳቢያ ሞተር ከነቱቦው ወንዝ ወሰደበት። የቀረለት ሞተሩን ከግራር ግንድ ጋር ያሰረበት ገመድ ነው። ውኃ ሊለቀቅ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ቀበሌ የደረሰው ሞተሩ ከሄደ በኋላ ነበር። ቁጥሩ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ ማኅተሙም ትክክል። ቀበሌው እንደ ደንቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ገበሬው ያነበበው የብድሩ መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት የድጋፍ ወረቀት ሊያጽፍ በሄደ ጊዜ ነው።

ውኃውን ጥቂት በጥቂት አስቀድሞ መልቀቅና አጠራቅሞ በአንድ ሌሊት መልቀቅ ለታችኛው ሰው አንድ አይደሉም። የሜትሮሎጂ ትንበያ አለ፤ የላይኛው ተፋሰስ ዝናብ ይለካል፤ የሐይቁ ከፍታ በየቀኑ ይነበባል። ይህ ሁሉ መረጃ ወንዝ ዳር ላለው ሰው የሚደርሰው ግን ራሱ ውኃው ከደረሰ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲያፈናቅል አገር ሁሉ አይቷል። ያን ያየ ሰው ወንዙን አምኖ አይተኛም።

ሦስተኛው ደለል ነው፤ ለእኛ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ቆቃ ከተሠራ ወዲህ ውኃ የመያዝ አቅሙን ከሩብ በላይ ለደለል አስረክቧል። በላይኛው አዋሽ ዛፉ አልቆ ተዳፋቱ ታርሷል፤ አዲስ አበባ በኮንክሪትና በቆርቆሮ ተሸፍና ዝናቧን በአቃቂ በኩል ታወርዳለች፤ ሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨምሮ ይመጣል። የሐይቁ ሆድ በጠበበ ቁጥር የክረምቱን ጎርፍ የሚይዝበት ቦታ ያንሳል፤ በሮቹም ቶሎ ቶሎ ይከፈታሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ቅሬታችን ከሦስተኛው ተለይቶ አይታይም። በበጋ ደግሞ የሚቆጠበው ውኃ ያንሳል። ደለሉ ወደ ግንቡ ሲጠጋ በታች በኩል ያሉትን የውኃ ማስወጫዎች ሊደፍን ይችላል፤ የተደፈነ ማስወጫ ያለው ግድብ በጭንቅ ቀን ውኃውን ዝቅ ላድርግ ቢል አይችልም።

ይህ የመሐንዲስ ቋንቋ ነው። በቤታችን ደለል የሚታወቀው በባልዲ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስ ማጣሪያ ጣቢያው ጭቃውን የሚያዘቅጠውን አልሙኒየም ሰልፌት አብዝቶ ይጨምራል፤ የማጣሪያው አሸዋ ቶሎ ይደፈናል፤ ታጥቦ እስኪመለስ የሚመረተው ውኃ ይቀንሳል። ሠርቼበታለሁና ሠራተኛውን አልወቅስም፤ ጭቃ እየመጣለት ምን ያድርግ? ከዚያ ፈረቃው ይራራቃል። ውኃው ሲመጣም የሚመጣው ሌሊት ነው። ሴቶቻችን ባልዲና ጀሪካን ደርድረው ቧንቧው እስኪያጉረመርም ይጠብቃሉ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውኃ ይወርዳል፣ ቆይቶ የሚቀዳው ይመጣል፤ ከባልዲው ሥር ሲነጋ የሚገኘው ጭቃ በእጅ የሚታፈስ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት አባላችን ሊጥ የምታቦካበትን ውኃ ከዋዜማው አስቀምጣ በነጠላ ታጠልለዋለች፤ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል እንጀራ ደንበኛ ያሸሻል። ሮቶ መግዛት የቻለ ያጠራቅማል። ያልቻለው ከጋሪ ላይ፣ ባለ ጋሪው በቆረጠው ዋጋ ይገዛል። የቆጣሪ ኪራይ ግን ውኃ መጣም ቀረም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ለመጥረግ የሚበቃ ገንዘብ እንደሌለ እናውቃለን፤ ያንን አንጠይቅም። ደለል የሚያዘው ከምንጩ ነው፤ እርከን፣ ሣርና ዛፍ ባለበት ተዳፋት ላይ። የላይኛው ገበሬ እርከን ቢሠራ የሚጠቀመው የታችኛው ጠጪ ነው። ታዲያ ለመብራቱና ለውኃው ከምንከፍለው ላይ ጥቂቱ ወደዚያ ገበሬ እንዲሄድ ማድረግ ይህን ያህል ይከብዳል?

ስለ እምቦጭ ብዙ አንልም። ሰው ሁሉ እምቦጭን ከጣና ጋር ያያይዘዋል እንጂ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1957 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ከእሱ ይልቅ የሚያሳስበን ሐይቁ አረንጓዴ የሚለብስበት ወቅት ነው። መርዝ የሚያመነጭ የዋቅላሚ (የአልጌ) ዓይነት በቆቃ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም። "አፍልታችሁ ጠጡ" የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም ማለት ነው። በሐይቁ ዳር እየቀዱ ለሚጠጡ ሰዎች ይህን በቋንቋቸው የነገራቸው ማን ነው?

ዕድሜን በሚመለከት፣ ግድብ ማርጀቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። በዓለም ላይ ቆቃን በዕድሜ በእጅጉ የሚበልጡ ግድቦች በደኅና ይሠራሉ፤ ስለሚጠገኑ ነው። ሳይጠገኑ የቀሩት ምን እንዳደረሱ ግን በቅርቡ አይተናል። እኛ ለ2016 ዘመን መለወጫ ዶሮና ቅቤ ስንገዛ በነበረበት ሰሞን፣ በሊቢያ ደርና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከነቤታቸው ወደ ባሕር ጠረጉ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ባለሙያ አስቀድሞ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ዓመት ሞልቶ እንደገና ጳጉሜን ሲመጣ በናይጄሪያ ማይዱጉሪ የአላው ግድብ ተደርምሶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። እነዚያ የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ግድቦች ናቸው፤ ቆቃ የኮንክሪት ነው፤ አንድ ናቸው ብለን አናስፈራራም። ሆኖም ጳጉሜን ለቆቃም ሐይቁ ወደ አፉ የሚጠጋበት ወቅት መሆኑን ማስታወስ አይከፋም።

"እንዲህ ያለ መረጃ ሕዝብ ያሸብራል" ትሉን ይሆናል። ይህን ሰበብ አንቀበልም። ሕዝቡ የተሸበረው መረጃ አግኝቶ ሳይሆን አጥቶ ነው፤ ያቺ እናት ፍራሿን የጫነችው የእናንተን ሪፖርት አንብባ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የበሮቹን ቁልፍ አልጠየቅንም። የጥበቃ ምስጢርም አልጠየቅንም። የምንጠጣበት ግድብ ጤንነት እንዲነገረን ነው የጠየቅነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከ2017 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ በኋላ በግድቡ ላይ ፍተሻ ተደርጎ ከሆነ የውጤቱ ማጠቃለያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይውጣ። ካልተደረገ ከመጪው ክረምት በፊት ይደረግ፤ ያደረገው አካልም በስሙ ይፈርምበት። ወደፊት ንዝረቱ አዳማ ላይ የተሰማ መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር በማግስቱ ስለ ግድቡ አጭር መግለጫ ይሰጥ። "ፍተሻው አልተጠናቀቀም" የሚል ቢሆን እንኳ ይበቃናል።

ውኃ ሲለቀቅ ማስጠንቀቂያው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ አይቅር። በስልክ አጭር መልእክት ይላክ፤ በወንጂና በአዋሽ ዳር መንደሮች የማስጠንቀቂያ ደወል ይተከል። በዚህ በኩል እኛም የምንሰጠው አለን። እድሮቻችን ጥሩምባ ነፊ አላቸው፤ አንድ ሰው ሲሞት ሰፈሩን በሙሉ በአጭር ጊዜ ይደርሱለታል። መስጊዶቻችንና አብያተ ክርስቲያናቱም ድምፅ ማጉያ አላቸው። እናንተ ለአንድ ሰው ደውላችሁ ከነገራችሁን የቀረውን ለእኛ ተዉት።

ግድቡ ቢደረመስ ወይም በሮቹ በሙሉ ቢከፈቱ ውኃው የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ተዘጋጅቶ ለወንጂ ሜዳ ነዋሪዎች ይሰጥ። መሸሻ መንገዱና መሰብሰቢያ ከፍታው ይለይ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ከነዋሪው ጋር ልምምድ ይደረግ።

የደለሉ መጠን በየጊዜው ተለክቶ ይገለጽልን። ለላይኛው ተፋሰስ ጥበቃ ከገቢ ላይ የሚመደብ ገንዘብ ይኑር፤ መጠኑንም እንወቀው። የማጣሪያ ጣቢያው የክረምቱን ድፍርስ የሚችልበት ተጨማሪ ማዝቀጫ ገንዳ ይሠራለት፤ ከተማዋም ወንዙ በደፈረሰ ወይም በተቋረጠ ጊዜ የምታልፍበት መጠባበቂያ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋታል። የፈረቃው መርሐ ግብር ሲለወጥ አስቀድሞ ይነገረን።

በመጨረሻም፣ ስለ ቆቃ ውኃ አለቃቀቅና ጥገና በሚመከርበት መድረክ ላይ የአዳማ ውኃ ተጠቃሚዎችና የወንጂ ሜዳ ነዋሪዎች ተወካይ ይኑራቸው። ወኪሎቻችንን መርጠን ስማቸውን ለመላክ ዝግጁ ነን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ተመልሶብን የነበረው የመጀመሪያው ደብዳቤ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ በዚህኛው ዙር ማኅተም ተመትቶበት ቁጥር እንዲሰጠው እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የእድሮች የጋራ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ
የእድሮች የጋራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
የሴቶች እድር ሰብሳቢ
በአዋሽ ዳር በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ተወካይ

አዳማ

ግልባጭ፦
ለአባል እድሮች በሙሉ
ለወንጂ ሜዳ የቀበሌ ነዋሪዎች ተወካዮች
ለመገናኛ ብዙኃን